ፋሻው ሲነሳ

የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ አለቃ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ማለት ስለሚወድ ሠራተኛው ከኋላው «ቤተሰቤ» ይለዋል። ቤተሰቤ ፈቃድ አይከለክልም። ቢከለክል በስንት ጣዕሙ! ይፈቅድና ይደውላል። እሷ ባለፈው ታማ ስትተኛ፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ እንደተሰካ፣ የማተሚያ ቀለም የት እንዳለ ጠይቋታል።

የዛሬው ግን የእናቷ ነገር ነው። ለዓመታት በሞራ የተጋረደ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ፋሻው ሊነሳ ነው። «መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይገተርብኝ» ብለዋታል። ስለዚህ በየቁልፉ ላይ ስም ለጥፋ ለተተኪዋ አስረከበች፤ ቤተሰቤንም ለመነችው።

«አደራዎን፣ ዛሬን እንኳ ተዉኝ።»

«ምን ነካሽ? እናት እኮ ናቸው! ማንም አይደውልልሽም።»

ነርሷ ፋሻውን መፍታት ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። ዘጋችው። ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። መጋዘኑ ተቃጥሎ ይሆን? ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አነሳችው።

«የኔ እህት፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ! የአዳራሹ ቁልፍ የት ነው? እንግዶች በር ላይ ቆመዋል።»

«ለተተኪዬ ሰጥቻታለሁ እኮ!»

«እሷንማ ጠዋት ወደ ቅርንጫፍ ልኬያታለሁ። ቁልፎቹን ለእኔ ነው የሰጠችኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ኪስ ውስጥ ናቸዋ!»

የቁልፍ መንቃጨል ተሰማት።

«ውይ፣ እዚሁ ነው ለካ! ተባረኪ። ስለ ሠራተኛ እረፍት ውይይት ነበረን፤ ያላንቺ እኮ ቤቱ ቤት አይደለም።»

ቆሽቷ አረረ። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ዘግቶታል። ለማን ትናገር? ለመስኮቱ?

«ቀሚስሽ ከጀርባው ተተርትሯል» አሉ እናቷ። «የሚነግርሽ ሰው የለም እንዴ?»

ደንግጣ ዞረች። ፋሻው ተጠቅልሎ ነርሷ እጅ ላይ ነው። እናቷ የሚያነባ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ሲያዩዋት ቆይተዋል።

«እማዬ፣ ይቅርታ...»

«ነይ ወዲህ፤ ፊትሽንም ልየው።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናቷ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። ግንባሯን አዩ፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት አዩ፣ ሽበቷን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ» አሉ፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ።