ለሰላምታ የተፈጠረ እጅ

ከነገ ጠዋት ጀምሮ የመታጠቢያ ቤቱ በር በቤቱ አባወራ እጅ የሚጠገን መሆኑ፣ ሥራው እስኪጠናቀቅም ማንኛውም የቤቱ ነዋሪ ጉዳዩን በጊዜ እንዲፈጽም ማሳሰቢያ የተሰጠ መሆኑ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሾርባው ገና እየጨሰ፣ ለሚመለከተው ሁሉ በይፋ ተገለጸ።

የሚመለከታቸው ሁለት ነበሩ፤ ሚስቱና ታናሽ ሴት ልጁ። ገላጩ ማንኪያውን እንደያዘ ቆሟል።

«እሰይ!» አለች ሚስቱ። «እኔማ እግርህ ላይ ወድቄ እስክለምንህ ነው የምትጠብቀው ብዬ ነበር።»

«በሩ ወለሉን እየፋቀ ነው» አለ እሱ፣ ምርመራውን ለማሰማት ያህል። «መቀርቀሪያውም ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ሆኗል፤ አፉን ይከፍታል እንጂ አይነክስም።»

«አባዬ፣ ለእሁድ ይደርሳል? አክስቴ ትመጣለች እኮ።»

«ከእኔ እጅ የወጣ ነገር መቼ ዘግይቶ ያውቃል?»

እናትና ልጅ ተያዩ። ሲተያዩ እሱም አየ። በተከበረ ሰው ፊት እንዲህ ነው የሚተያዩት ብሎ ሾርባውን ቀጠለ።

በቤትም በሰፈርም ኢንጂነሩ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱና የዳማ ባልደረባው አናጢው ነው። እውነቱን ለመናገር ኢንጂነሩ በምህንድስና ደጃፍ አላለፈም፤ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ማህተም ሲመታ ነው የኖረው። ሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ይፈርማል፣ እሱ ይመታል። አንድም ቀን ዘንበል ያለ ማህተም ከእጁ አልወጣም። ጡረታ ሲወጣ ግን ባልደረቦቹ «ይሄን ሠራ» ብለው የሚያነሱት ነገር ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡና የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኙት። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ያንን ሰዓት ለመስቀል ሚስማር የመታ ቀን ነው። ሚስማሩ ገባ። ሰዓቱ ተሰቀለ። አደረ፤ አልወደቀም። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሰቀለ፣ እግሩ የሚወላገደውን ወንበር አቃና፣ አልዘጋ ያለውን የጓዳ መስኮት ልክ አስገባ። ሁሉም እንደተሠራ ጸና።

ለእሱ ደግሞ ይህ የመደርደሪያ ጉዳይ አልነበረም። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ያውም ድንጋይ በዓይኑ የሚለካ ግንበኛ። ልጁን ሙያ ላስተምር ብሎ ጥቂት ጊዜ ይዞት ከዋለ በኋላ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት መዳፉን ገልብጦ አየና «ይሄ ልጅ እጁ ለሰላምታ ብቻ ነው የተፈጠረው፤ ቢሮ አስገቡት» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ልጁም ቢሮ ገባ። ይህችን ቃል ኢንጂነሩ በሕይወቱ የነገራት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሚስቱ፣ ገና ሲተጫጩ። እሷም ያኔ መዳፉን በሁለት እጇ ይዛ «እኔን ሰላም ካለኝ ይበቃኛል» አለችው። ሚስት ማለት ይህች ናት ያለው ያን ቀን ነው።

ከአባቱ የወረሰው አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ ብሎን ነው። ሁሉም የድሮ፣ ራሳቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያላቸው። ኢንጂነሩ ከዚያ ጣሳ ውጭ የሆነ ብሎን ነክቶ አያውቅም። ካቻቢቴውም አንድ ነው፤ ጫፉ ጠፍጣፋ። አንዱን ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ መስመሩ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ካልቆመ እንቅልፍ አይወስደውም። የማህተም አመል አይለቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጣሳውን ዘረገፈ። ለበሩ የሚሆን ረጅም ብሎን ጠፋ። መደርደሪያው ላይ አንድ ትርፍ እንዳስገባ ትዝ አለውና ያችን ሊዋስ፣ ራሱ ባቃናው ወንበር ላይ ወጣ። ካቻቢቴውን አስጠጋ። አልያዘለትም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ብሎኑ ራስ ላይ ያለው መስመር አንድ አልነበረም። ሁለት ነው፤ ተሻግረው መስቀል ሠርተዋል። የአጠገቡም እንደዚያው። የወዲያኛውም።

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። «ጃጀሁ እንዴ?» አለ። ከወንበሩ ወርዶ ወንበሩን ገለበጠው። መስቀል። ከብሎኑ አጠገብ ደግሞ በሐምራዊ እርሳስ የተጫረች አጭር ምልክት አለች። በሰፈሩ ውስጥ እርሳስ በምላሱ እያራሰ፣ ከንፈሩን ሐምራዊ አድርጎ የሚውል ሰው አንድ ብቻ ነው። የጓዳውን መስኮት አየ፤ መስቀል። በመጨረሻ፣ እንደምንም ልቡን ይዞ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው አወረደ። እሱ የመታው ሚስማር የለም። በቦታው ፕላስቲክ ተወትፎ ብሎን ተጠምዝዞበታል፤ ዙሪያው ተለስኗል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ያማረ ሥራ ነው። ክፋቱ ማማሩ ነው።

ሰዓቱን እንደታቀፈ ቁጭ አለ። አንድ በአንድ መጣለት። እሱ አንድ ነገር በጠገነ ማግስት ሚስቱ ሁልጊዜ ሩቅ ቦታ ትልከዋለች። በዚያው ጠዋት አናጢው ለዳማ አይገኝም። ማታ ግን ይመጣል፤ ሥራውን ዞር ብሎ ያያል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ «አንተ ሰው፣ እኛን ከገበያ ልታስወጣን ነው!» ይላል። ኢንጂነሩ በዚህች ቃል ስንቱን ሌሊት ደስ ብሎት ተኝቷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱን ንቀው አጥሩን የሚያጠብቁትን ግን ተረቱም አላሰባቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመው ነበር። ኢንጂነሩ ሰዓቱን መልሶ ሰቀለ። ከዚያ መሣሪያውን ሰብስቦ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ገጠመ። የተደፋ ባልዲ በመዶሻ ደበደበ። አንድ ቁራጭ ጣውላ በመጋዝ ከረከረና ሰጋቱራውን ደፉ ሥር በተነው። በየመሀሉ «እህ!» «ያዝ!» «አንተ እምቢተኛ!» ይላል። ከበሩ ግን አንዲት ብሎን አልነካም። ሲበቃው ላቡን እየጠረገ ወጣ። ላቡ እውነተኛ ነበር።

«አለቀ» አለ።

ሚስቱ በሩን ሳበች። በሩ ወለሉን እየፋቀ፣ እንደ ጥንቱ እየጮኸ መጣ። መቀርቀሪያው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አቤት!» አለች። «እንደ ቅቤ!»

«ቅቤ ይጮሃል እንዴ?»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምዳል።»

ወደ ልጁ ዞረ። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮዋን ትይዛለች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ የእኔ እናት። ምኑ ተለወጠ?»

ልጅቷ በሩን አየች፣ እናቷን አየች፣ መሬት አየች። «ምንም» ብትለው ኖሮ ሁሉንም፣ አናጢውንም ጨምሮ፣ እዚያው ይቅር ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሁሉ ነገሩ፣ አባዬ» አለች፣ ጆሮዋን ይዛ።

በማግስቱ ቁርስ ሳይነሳ ሚስቱ «እህቴ ጋ ሂድና እሁድ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ጠይቅልኝ» አለችው።

«ስልኩ ምን ሆነ?»

«ትልቅ ሰው በስልክ አይጠየቅም። አክብረህ ሂድ።»

አክብሮ ሄደ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ። አናጢው የአትክልት ዘንቢል አንጠልጥሎ ከቤቱ ወጣ፤ ከላይ ጎመን ተነስንሶበታል፣ በጎመኑ መሀል የመጋዝ እጀታ ብቅ ብሏል። ግራ ቀኝ አይቶ የኢንጂነሩን ደጅ አንኳኳ። ኢንጂነሩም በጓሮ በኩል ዞሮ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ቀስ! ሰጋቱራውን እንዳትረግጠው» የሚስቱ ድምፅ ነው። «እንዳለ ይቀመጥ። የእሱ ነው።»

«ኧረ እሜቴ፣ ይሄ ሰው በሩን ጭራሽ አልነካውም!»

«ነክቶታል። እሱ ነክቶት ያልተነካ መምሰሉ ዛሬ ነው እንዴ የጀመረው?»

ልጅቷ ሳቀች። ኢንጂነሩ ይህን ቻለው። እንዲያውም ነገሩ ለዛ ነበረው።

«በል ቶሎ በል፣ ሳይመለስ።»

«መቀርቀሪያ ጥድፊያ አይወድም። ጥርሱ ከጥርሱ ካልተናበበ በኋላ መዘዝ ነው።»

«ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ጠምዝዘው።»

ካቻቢቴ ተሽከረከረ። ከዚያ አናጢው፣ ብሎን በጥርሱ ነክሶ በሚናገር ሰው ድምፅ፣ «ምን ይደረግ እንግዲህ፤ ለሰላምታ ብቻ የተፈጠረ እጅ!» አለ።

ሦስቱም ሳቁ። ከሁሉም የረዘመው የሚስቱ ሳቅ ነበር።

ኢንጂነሩ መዳፉን ገልብጦ አየው። መደርደሪያውን ቢነቅሉ ጣውላ ነው። ብሎኑን ቢለውጡ ብረት ነው። ያችን ቃል ግን በገዛ አፉ፣ ከደረቱ ፈልቅቆ አውጥቶ፣ ለአንዲት ልጃገረድ በአደራ የሰጣት ነበረች። አሁን አደራው በአናጢ ጥርስ መሀል ከብሎን ጋር ይንከባለላል። አባቱ ሲናገራት እንኳ ፊት ለፊቱ ነበር የተናገራት።

ተነስቶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ወደ ሚስቱ እህት ቤት ሄደና በስንት ሰዓት እንደምትመጣ አክብሮ ጠየቀ።

«ምነው ስልካችሁ ተበላሸ?» አለችው።

«ስልኩ ደህና ነው» አለ።

ሲመለስ በሩ በእርግጥም እንደ ቅቤ ሆኗል። አዲሶቹ ማጠፊያዎች ከውጭ በኩል ያበራሉ፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ። ሰጋቱራው እንዳለ ተቀምጧል። ማታ አናጢው እንደ ልማዱ መጣ፤ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ማጠፊያውን በውጭ በኩል ማድረግህ!» አለ። «ይሄን ብልሃት ማን አሳየህ፣ ወዳጄ?»

«ወዳጅ» አለ ኢንጂነሩ፣ ሐምራዊ ከንፈሩን እያየ።

ያን ማታ ዳማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነጋገሩ ተጫወቱ። አናጢው በማሸነፉ ነገሩን አላስተዋለውም።

እሁድ እህትየዋ መጣች። በአካልም በድምፅም ትልቅ ሴት ናት፤ ስትገባ ኮሪደሩ ይጠብባታል። አናጢውም የእሁድ ኮቱን ለብሶ ተጋብዟል። ምሳ ተበላ፤ ምግቡ ተመሰገነ፤ ከምግቡ በኋላ የሚመሰገን ሲጠፋ ሚስት ነገሩን ወደ ባሏ አዞረች።

«እታለም፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አየሽልኝ? እሱ ነው እኮ የሠራው፣ በገዛ እጁ።»

«ኧረ እባክሽ! ታዲያ ላየው እንጂ» ብላ ተነሳች። ገባች። በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ጠቅ አለ። «ያምራል!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቆየት ብሎ ውሃ ተለቀቀ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀጫቀጨ።

«ኧረ ይሄ ነገር ነክሶ አለቅም አለ!»

አናጢው ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ሚስት አየችው። ግማሹን መልሶ ተቀመጠ።

«ቀስ ብለሽ ሞክሪው፣ አክስቴ!» አለች ልጅቷ።

«ሞከርኩት! እዚህ ውስጥ አየርም የለ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ እንጂ!» አለች ሚስት። «አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኢንጂነሩ። ሻዩን ጨለጠ። ካቻቢቴውን አምጥቶ በሩ ፊት ቆመ፤ ሦስቱ ከኋላው ተደረደሩ። መቀርቀሪያው በውስጥ ነው፤ ያለው መንገድ ማጠፊያውን ከውጭ መፍታት ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ጫፍ በመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳረፈ። ተንሸራተተ። መልሶ አሳረፈ፣ ገፋ፣ ጠመዘዘ። ተንሸራተተ። የሁለተኛውም፣ የሦስተኛውም እንደዚያው። ከውስጥ መዳፍ በሩን ይመታል።

ኢንጂነሩ የአባቱን ዘመን ካቻቢቴ ኪሱ ከተተ። ዞር ሳይል ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ጣቶቹን ከፍቶ። ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም። ምን እንደሚፈልግ የጠየቀውም የለም።

አናጢው ሚስትን አየ። ሚስት ልጅቷን አየች። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች። ከዚያ የእሁድ ኮት ሲከፈት ተሰማ፣ እና ባለመስቀሉ ካቻቢቴ መዳፉ ላይ አረፈ። ከውስጥ ኪስ ስለወጣ ሞቅ ያለ ነበር።

«ኧረ ምነው ዝም አላችሁ?» አለች እህትየዋ ከውስጥ። «ሰው የለም እንዴ?»