ብሪጅት በመጽሔቱ ጀርባ

ኮርኔልየስ ቲርኒ የሚስላት ሴት ስሟ ብሪጅት ነበር። አፏ ሰፊ፣ መንጋጋዋ የዝንጀሮ፣ ክንዷ የብረት ቀጥቃጭ፣ እግሯ ባዶ። «ጅራፍ» በሚባለው የኒውዮርክ የቀልድ መጽሔት ላይ በየሳምንቱ ትወጣለች፤ ሾርባ ትደፋለች፣ ድመቷን ምድጃ ውስጥ ትዘጋለች፣ እመቤቷን ታስለቅሳለች። አንባቢም ሆዱን ይዞ ይስቃል። በአየርላንዳዊት ገረድ ካልተሳቀ በማን ሊሳቅ ነው? ከሥዕሉ ሥር «ቴሪል» የሚል ፊርማ አለ። ዋና አዘጋጁ ሚስተር ዊትሎክ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቲርኒ? ስሙ ራሱ ጎመን ጎመን ይሸታል» ብሎ አስለውጦት ነው። እሱም እሺ ብሎ ለወጠ።

እናቱ ዊኒፍሬድ ቲርኒ አየርላንዳዊት ገረድ ናት። ሲያወሩት እንኳ ያቅለሸልሻል።

ዊኒ ገና በልጅነቷ ከመርከብ እንደወረደች ሚስስ ሃልስቴድ ቤት ገባች። እመቤቲቱም ገረድ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ስም መሸምደድ ሰልችቷት ነበርና «አንቺም ብሪጅት ነሽ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብሪጅት ናት፤ ዊኒ የምትሆነው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ሐሙስ የገረዶች የግማሽ ቀን ዕረፍት ነው። ሚስስ ሃልስቴድ አንድ ሁለቴ በሐሙስ ግብዣ ልታደርግ ሞክራ ነበር፤ ዊኒ ግን ባሏ የሞተ ሰሞን እንኳ ያልለቀቀችውን ሐሙስ አሁንም አልለቀቀችም። «እመቤቴ፣ ሐሙስ የእኔና የልጄ ነው» አለች፤ ግብዣው ለዓርብ ተላለፈ። ከዚያ ላባ የተሰካባትን ጥቁር ባርኔጣዋን ደፍታ መናፈሻ ትሄዳለች፤ ልጇ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃታል፤ ዳቦ በአሳማ ሥጋ ይበላሉ።

«ዛሬም ወፍ ስትስል ዋልክ?» ትለዋለች።

«አዎ እማዬ። ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ወፍ! ይቺ አገር ይሄን ያህል ወፍ አላት እንዴ? ወይ ወፎቹ አያልቁም፣ ወይ አንተ ሰነፍ ነህ።»

እሷ ትስቃለች፤ እሱ ዳቦውን ያያል። ፊደል አትቆጥርም፤ ስሙም ተለውጧል፤ ስለዚህ ብሪጅትን የምስለው እኔ መሆኔን መቼም አታውቅም ብሎ ልቡን አሳርፎ ይኖር ነበር።

አንድ ነገር ነበረቻቸው፣ የሁለቱ ብቻ የሆነች። ልጅ ሆኖ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስቀውበት እያለቀሰ ሲመጣ፣ ጉንጩን በመዳፏ ይዛ የነገረችው። በሷ መንደር ደረጃ ያለው ቤት አልነበረም፤ ያለው ወደ ቆጥ የሚያወጣ መሰላል ነው። መሰላል ደግሞ ሲወርዱት ፊት ወደ እርከኑ፣ ጀርባ ወደ ውጭ ነው። ሚስስ ሃልስቴድ ቤት የገባች ዕለት የሻይ ዕቃ በትሪ አሸክመው «ይዘሽ ውረጂ» ሲሏት፣ ያንን ሰፊ ደረጃ እንደ መሰላል ዞረችለት። ትሪውን በአንድ እጇ ትከሻዋ ላይ፣ ሌላውን እጇን በእርከኑ ላይ፣ በእግሯ እየዳሰሰች ወደ ኋላ ወረደች። ከታች የቆሙት ሠራተኞች በሳቅ ፈረሱ። እሷ ከሰል ቤት ገብታ አለቀሰች።

«ግን አንድም ሳህን አልወደቀብኝም፣ ኮኒ» አለችው። «ይሄን ለአባትህም አልነገርኩት። ይስቁ፤ አንተ ብቻ ዕቃህን አትጣል።»

እንግዲህ ሚስተር ዊትሎክ አንድ ቀን ኮርኔልየስን ቢሮው አስጠራው። ቢሮው ቀለምና ሲጋራ ይሸታል፤ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ከነዛጎሉ የቀረበለትን የባሕር ቀንድ አውጣ በጥሬው እየመጠጠ ነው።

«ብሪጅት ሻግታለች» አለ እየዋጠ። «የ‹ነጭ ርግብ› ሳሙና ሰዎች የጀርባውን ሽፋን በሙሉ ገዝተውታል። ብሪጅትን ነው የሚፈልጉት፤ ግን ማንም ያላየውን ቀልድ አምጣ ብለዋል።»

«የፊተኛው ገጽ ቀልድ አይበቃቸውም?»

«አንተ ደግሞ! መጽሔቱን የሚያኖረው ቀልዱ መሰለህ?» ዊትሎክ የኋላ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገለት፤ የጉበት ክኒን፣ የራሰ በራ ቅባት፣ የሆድ መቀነት፣ ሌላም ስሙን በጨዋ ፊት የማይጠሩት። «ሰው ሲስቅ አፉን ይከፍታል። አፉን ሲከፍት ክኒኑን ወርወር ነው። ሥራችን ይሄ ነው።»

ኮርኔልየስ እርሳሱን ይዞ ተቀመጠ። ምንም አልመጣለትም። ሰውየው ሲመጥ ይሰማዋል፤ ቢሮ ውስጥ ሌሎች ሠዓሊዎች መኖራቸውንም ያስታውሳል። ከዚያ እጁ ቀደመው። ደረጃ ሣለ፤ ከደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የምትወርድ ሴት ሣለ፤ ትሪ ሣለ። ዊትሎክ ከትከሻው ላይ ሆኖ አየና የቀንድ አውጣው ውኃ ጢሙ ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቀ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው! ግን ሳህኖቹ? ሳህኖቹ ይብረሩ እንጂ! ሳህን ሳይሰበር ምን ቀልድ አለ?»

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ኮርኔልየስ ሳህኖቹን አበረራቸው። ቀሚሷንም ከፍ አደረገው፤ ወፍራም ባቷ ታየ። ከሥሩ «እንዴትም ትውረድ፣ ልብሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል» ተብሎ ተጻፈ።

ሥዕሉ በቀለም ታትሞ ሲወጣ እርጥብ እርጥቡን አየው። ብሪጅት ከዝንጀሮ መንጋጋዋ ጋር የእናቱን ደረጃ ትወርዳለች። ምሳውን ትቶ ወደ ዊትሎክ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይሄኛው ይቅር። ሌላ እሥላለሁ፣ የፈለጉትን።»

«ታትሟል እኮ! የሳሙና ሰዎቹ በየካርቶናቸው ላይ ሊያደርጉት ነው። ደግሞስ ብሪጅት ያንተ ናት እንዴ? የሳሙናው ናት።» ዊትሎክ ዓይኑን አጠበበ። «ምነው፣ የምታውቃት ሴት ናት?»

ኮርኔልየስ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢናገር ሥዕሉን አያድነውም ነበር፤ ራሱን ግን ያድን ነበር።

«አላውቃትም» አለ።

«ጅራፍ» በየቤቱ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው። ሚስስ ሃልስቴድም ደንበኛ ናት፤ ፖስታውን በትሪ የምታደርስላት ዊኒ ናት። ፊደል ባታውቅም ሥዕል ታያለች። ኮርኔልየስ ይህ ሲታወሰው ፖስተኛውን ሊቀድም ማክሰኞ ገስግሶ ሄደ፤ መጽሔቱን ከፖስታው መሃል መዝዞ ምድጃ ውስጥ ሊከተው። በምድር ቤቱ በር ገባ። ወጥ ቤቱ ባዶ ነው፤ ውኃው ፈልቶ ይንፈቀፈቃል። ከላይ ብዙ ሴቶች ይስቃሉ። ማክሰኞ የሚስስ ሃልስቴድ እንግዳ መቀበያ ቀን መሆኑን ዘንግቶት ነበር።

በሠራተኞች መወጣጫ ወጣና ከትልቁ ደረጃ ሥር ያለችውን በር ከፈት አድርጎ አየ። አዳራሹ ባርኔጣ በባርኔጣ ሆኗል። ሚስስ ሃልስቴድ መጽሔቱን ጀርባውን ገልብጣ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ብሪጅት፣ አይዞሽ፣ ለጨዋታ ነው!» ትላለች። «እነዚህ ወይዘሮዎች የአየርላንድ ገረዶች እውነት እንደዚህ ይወርዳሉ ወይ ብለው ተወራርደዋል!»

«ቀሚሷን ከፍ ታድርግ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ!» አለች አንዷ፤ የኬክ ፍርፋሪ ከአፏ እየረገፈ።

እናቱ ከደረጃው ራስ ላይ ቆማለች፤ ትሪው ሙሉ የሻይ ዕቃ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ያማታል። መጽሔቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ትሪውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ በሌላው እጇ እርከኑን ያዘች፣ በእግሯ እየዳሰሰች መውረድ ጀመረች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አንዷ ሳቋ አፍኗት ግድግዳ ተደገፈች። ኮርኔልየስ በሩን ጨብጦ ቆሞ ቀረ። ወጥቶ «እናቴ ናት» ማለት ነበረበት። ሴቶቹን ተጸየፋቸው፤ የተጸየፈውም እነሱን ብቻ አልነበረም። አልወጣም።

ዊኒ ከታች ደረሰች፣ ለእንግዶቹ ጎንበስ አለች፣ በትንሿ በር ገባች። ልጇ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማዬ፣ እኔ ስሜን እንኳን አልጻፍኩበትም…»

«ፊደል ባላውቅ እጅህን አጣዋለሁ? ከልጅነትህ ጀምሮ ሰው ስትስል አውራ ጣት ታስረዝማለህ።» ትሪውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ስኒዎቹ ሁሉ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሻዩ እንኳ አልፈሰሰም። «ያን ቀን አንድም ሳህን አልወደቀብኝም። ነግሬህ ነበር።»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እጁን አየችው፤ አልያዘችውም።

«ብሪጅት!» አለች ሚስስ ሃልስቴድ ከውጭ። «አሁን የመጡትም ማየት ይፈልጋሉ!»

«መጣሁ እመቤቴ» አለች። ሽርጧን አስተካከለች፣ ትሪውን አነሳች፣ በሩን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

«ሐሙስ አትምጣ» አለችው ዞር ሳትል። «ሐሙስ ሥራ አለኝ።»