ትኩሳቱ የለቀቀው ለት

ወንድሜ ምሥጋናው ለቀን ሥራ ከወረደበት ቆላ፣ ከሎግያ ሲመለስ ገላው እንደ ፍም ይፋጅ ነበር። ከዓይኔ ጀርባ ይወጋኛል፣ አጥንቴ ተሰባብሯል ይላል። ጤና ጣቢያ ወስደነው የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ።

«ደንጊ ሳይሆን አይቀርም» አለች ነርሷ ትሕትና።

«አጎበር ሰጥቸው አልነበር?» አለች እናቴ ባንችይርጋ።

«የዚህኛው ትንኝ በቀን ነው የምትነክስ፣ እማማ። መድኃኒትም የለው። ፈሳሽ ያብዙለት። ትኩሳቱ ለቀቀው ብላችሁ ደግሞ እንዳትዘናጉ፤ የሚከፋው ያን ጊዜ ነው። ሆዱን ከቆረጠው ወይ ከደማ ሩጣችሁ አምጡት።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ግን ቀድማ ተስላ ነበር፦ «አሸተን ማርያም፣ ትኩሳቱን ብታነሽለት እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ በእግሩ ደጅሽ አመጣዋለሁ።»

በፍልሰታ አንድ ጧት ገላው በርዶ ነቃ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ጋሻዬ ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «የቆላ ትንኝ የላስታን ብርድ መች ትችለዋለች!» አለ። ምሥጋናው ራሱ ሳቀ።

«ነርሷ እኮ…» አልሁ።

«አንተ ደግሞ ቁመህም ታልማለህ! ስለት አያድርም፣ ተነሡ» አለች እናቴ።

ጋሻዬም ሊያስቀድስ አብሮን ወጣ። ወደ አሸተን ገዳም የሚያወጣው ዳገት እኩሌታ ላይ ምሥጋናው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከበታቻችን ከተማው በጉም ተውጦ፣ ባሕር ዳርቻ የቆምን ይመስል ነበር።

«እማ፣ ውሃ።»

«ከቅዳሴ በኋላ፣ የኔ ጌታ። ትንሽ ናት የቀረችህ።»

ምራቁን ተፋ። ድንጋዩ ላይ ያረፈው ደም ነበር።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ገዳሙ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ከጋቢዬ ሥር የደበቅሁትን የላስቲክ ውሃ አወጣሁ። ነጠቀችኝ። ልትደፋው መስሎኝ ነበር። አፉ ላይ አስጠጋችለት።

«ጠጣ። በኔ ይሁን። ጋሻዬ፣ እዘለው!»

«ስለቱስ፣ እትዬ ባንች?»

«የተሳልሁት እኔ። እኔው አደርሰዋለሁ።»

እየተቀባበልን አዝለነው ስንወርድ እሷ ሽቅብ ወጣች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ትሕትና ግሉኮስ ሰቀለችለትና አምቡላንስ ጠራች። «ይተርፋል?» አልኋት። «ገና ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጠብታው ሳታነሣ።

ግንባሩን ዳሰስሁት። በረድ ብሏል። ጧት እልል ያልንለት ቅዝቃዜ ነው። አሁን እጄን አሸሸሁ። በመስኮቱ አሸተንን ፈለግሁ፤ ጉሙ ተራራውን ከነእናቴ ውጦታል።