የማይደርቅ ጭቃ

ባሌ ሮበሌ ግትር ነው። ይሄን ሀና ማርያም ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሳላውቅ ያገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂፕሰም ሲሠራ፣ የሰው ኮርኒስ ላይ አበባና ሐረግ ሲያወጣ፣ የቤቱ ባለቤት «እንዲህ አድርገው» ካለው መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል እንጂ አያደርገውም። «ጂፕሰም የሚሰጥህ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዛ በኋላ ደረቀ፣ አለቀ! ለክርክር ጊዜ የለም» ይላል።

ባለፈው ሰኔ ስትሮክ መታው። ነፍሱን እግዜር መለሰልኝ፣ ተመስገን። ቀኝ እጁ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቀኝ ጉንጩ ወረደ፣ አፉም ተጣመመ። ከዛ ቀን ጀምሮ ከበር አልወጣም። የግድግዳውን መስታወት አስወረደኝ። ፊቱን ልዳብስ እጄን ስዘረጋ ይሸሸኛል። እኔን! ሦስት ልጅ ቀብሬ አንዷን ያሳደግኩለትን ሴትዮ!

ይሄንንም ችዬው ነበር። አንዷ ልጃችን አያንቱ፣ ፍሮምሳ የሚባል ጨዋ ልጅ ልታገባ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ቀን ሲቆረጥ ግን ሮበሌ «ወንድሜ ቱሉ ይመርቃት» አለኝ። እንግዲህ በእኛ ቤት ልጅ ስትዳር የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ እሱም ቱፍ ቱፍ ብሎ መርቆ ይሸኛታል። የአባቷ ምራቅ ሳይነካት የወጣች ልጅ ለእኔ ገና አልተሸኘችም።

«ምን ሆነህ ነው ቱሉ የሚመርቃት? ሞተሃል?» አልኩት።

«ሶሬቲ፣» አለኝ ቃላቱን እየጎተተ፣ «ምራቅ በራሱ በሚወርድበት አፍ ሰው ፊት ልቁም? ልጄን ላዋርዳት?»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዛ ተናደድኩ፤ የእኔ ለቅሶ አይበረክትም።

አያንቱ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ ማሠልጠኛ ልጆችን በኮምፒውተር ቅርጻ ቅርጽ ታስተምራለች። አንድ ቅዳሜ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር ይዛ መጣች፤ ቪአር ነው የሚሉት። ያጠለቀው ሰው ፊት ለፊቱ ጭቃ ተቀምጦ ያያል፤ እጁ ላይ ባለው ጆይስቲክ ይቀርጸዋል፤ እኛ ደግሞ እሱ የሚያየውን በቴሌቪዥን እናያለን።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ሞክርልኝ» አለችው።

«የልጅ ጨዋታ ነው።»

«እሺ፣ ተጫወትልኝ።»

ለእሷ እምቢ ማለት አያውቅበትም። አጠለቀችለት፤ ጆይስቲኩን በግራ እጁ አስያዘችው። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሶሬቲ፣ ውኃ በባልዲ!» ወይ ጉድ! ጂፕሰም ሠሪ እጁን ሳይነክር ሥራ አይጀምርማ። ሳቄን አፍኜ አመጣሁለት። እጁን ከነጆይስቲኩ ሊነክረው ሲል አያንቱ ጮኻ ያዘችው። ከዛ ደግሞ መጣደፍ! ላብ እስኪያጠምቀው ይጣደፋል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ግን የተረገጠ ድንች ነው።

«ደረቀብኝ!» ብሎ መነጽሩን ሊያወልቅ ታገለ።

«አባዬ፣ ይሄ አይደርቅም» አለችው። «ነገ ብትመጣም እርጥብ ነው። ያበላሸኸውንም መመለስ ትችላለህ። ማን ያባርርሃል?»

«አይደርቅም?»

«በጭራሽ።»

መነጽሩን ማውለቁን ተወው። ከዛ በጣም በቀስታ፣ ጭቃውን የሚያባብል ይመስል፣ አንድ ቅጠል አወጣ።

በሳምንቱ አያንቱ መስታወት የሚሉትን ነገር አሳየችው። በግራ በኩል የሠራኸውን ቀኝ በኩል ራሱ ይደግመዋል። በግራ እጁ ግማሽ አበባ ሠራ፤ ሌላው ግማሽ በቀኝ በኩል ብቅ አለ።

«ቀኝ እጄ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል። አያንቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔም ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

ከዛ በኋላ ማን ያስቁመው! አያንቱ አስፈቅዳ መነጽሩን እኛ ጋ ተወችው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይገባበታል። አበባ፣ ሐረግ፣ ከዛ የሰው ፊት። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ላይ የማውቀው ሰው መጣ። ጉንጩ ሙሉ፣ አፉ ቀጥ ያለ፤ አምና የነበረው ሮበሌ።

«እነ አያንቱ በማሽን እንደ ሐውልት አድርገው ያትሙታል» አለኝ። «ሠርጉ ላይ እኔ የምቀመጥበት ይቀመጥ። ሰው እንዲህ ሆኜ ይየኝ። እኔ ቤት እሆናለሁ።»

ኧረ በለው! ሁለት ወር ሙሉ የደከመው ለዚህ ኖሯል?

«ጭቃው ቱፍ ይላል?» አልኩት። «ንገረኛ! ጭቃው ልጄን ይመርቃታል? ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ወድጄውም ነበር፤ ግን ሄዷል። እኔ አሁን የምፈልገው እዚህ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያናድደኝን ነው!»

ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ። ጉሊት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ቆየሁ፤ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ያን ያህል የመረጠ ሰው የለም። ቃሌ ከረረ እንዴ ብዬም ተጸጸትኩ።

ስመለስ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል፤ መግባቴን አላወቀም። ቴሌቪዥኑን አየሁ። መስታወቱን አጥፍቶታል። በግራ እጁ፣ ቀስ እያለ፣ የቀኝ ጉንጩን ወደ ታች እየሳበ ነበር። የዓይኑን ቆብ አወረደ። የከንፈሩን ጥግ ጣለ። ያለ ችኮላ ነበር የሚሠራው። ዘንቢሌ በሩን ታክኮ ኮሽ አለ።

«ሶሬቲ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ነኝ?»

አየሁት። ምስኪን! ዘጠኝ ወር ሙሉ ፊቱን ያላየ ሰው፣ ከራሱ ፍርሃት አውጥቶ የሠራው ነበር። አፉ አገጩ ጋ ደርሷል፤ ዓይኑ ጠፍቷል።

«ኧረ አብዝተኸዋል!» አልኩት። «ይሄን ያህል የት ወረደና!»

«አትሸንግዪኝ።»

«መቼ ሸንግዬህ አውቃለሁ?»

ይሄን አሰበበት። እውነቴን ነው፤ ሸንግዬው አላውቅም። መነጽሩን በግራ እጁ ገፍቶ አወለቀ። ከዛ እጄን ፈልጎ ያዘኝና ወደ ፊቱ ወሰደው።

«እስከ የት እንደሆነ አሳዪኝ» አለኝ።

ዳበስኩት። ሽንኩርት በሚሸት እጄ ከቅንድቡ ጀምሬ ወረድኩ። «ዓይንህ እዚህ ጋ ነው። ጉንጭህ እዚህ ጋ፣ ትንሽ ነው የወረደው። ከንፈርህም ይቺን ታህል ብቻ።» የከንፈሩ ጥግ እርጥብ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ጠረግኩለት። አልሸሸኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን እጄ ላይ ጣለው፣ ቢከብደኝም እጄን አልወሰድኩም።

«ሱፌ ይሰፋኝ ይሆን?» አለኝ ቆይቶ።

«አጠብበዋለሁ።»

«እስቲ ጠጋ በይ። ልለማመድ።»

«ምኑን?»

«ቱፍ! ቱፍ! ውለጂ፣ ክበጂ!»

«በስልሳ ዓመቴ?» ብዬ ሳቅኩ። ግማሹ ምራቅ አገጩ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ፊቴ ላይ አረፈ። የእሱን ጠረግኩለት። የእኔን አልጠረግኩትም።