የአማትየው ጥቁር ፀጉር

ፀጉር አስተካካዩ ብርሃን እንዳይገባ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሥር በብርድ ልብስ ወትፎ፣ ራሱ ያነሳው የአማቱ ምስል ያለበትን መዳፍ የሚያህል ፊልም በጨለማ እየዳበሰ በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ያገላብጣል። አማቱ "ሽበቴን ለማን ላሳይ ነው?" እያሉ ሳምንት ሙሉ ሲያንገራግሩ ከርመው ነበር ለፎቶው የተቀመጡት። አሁን ደግሞ በሩን ይደበድባሉ።

"አንተ ልጅ፣ ውጣልኝ! ሽንት ቀጠሮ አያውቅም!"

"ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ እማማ! ብርሃን ከገባ ፊትዎ ይጠፋል!"

"ይጥፋ! እኔ ራሴ ልጠፋ ነው!"

እንደምንም ጨርሶ በሩን ሲከፍት ገፍትረውት ገቡ። ሲወጡ ፊልሙ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ገና ወረቀት ላይ አልታተመምና ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቷል። ሴትየዋ ፊልሙ ላይ ፊታቸው ዱቄት መስሎ ሲያዩ ተጠግተው አፈጠጡበት። አማች ሆዬ እርግማኑ ሳይወርድበት ተሽቀዳደመ።

"አይደንግጡ እማማ፣ ሲታተም ወደ ቦታው ይመለሳል።"

"እስቲ ሞክራት!" ብለው እርጥቡን ፊልም መንጭቀው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። "ሃያ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ነኝ ስትለኝ ኖረህ፣ የእኔን ሽበት ገና ዛሬ አስተካከልከው!"