የኪልፋራ ገመድ ጉተታ

እትዬ ኖራ መጀመሪያ ወደ ሸዋረጋ ምግብ ቤት የገቡት አውቶቡስ አምልጧቸው ነው። ቀኑ በፈረንጆቹ 2014 ሰኔ ውስጥ ያለ ማክሰኞ ነበር፤ ፌርፋክስ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሸዋረጋ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ቀጥላ ሽሮ አቀረበችላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እሳቸውም ይመጡ ጀመር። እኛ ታክሲ ነጂዎቹ ምሳ የምንበላበት ሰዓት ስለነበር ተላመድን።

ችግሩ እንግሊዝኛቸው ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድራይቭ አድርጌያለሁ፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ያላወራኝ የሰው ዘር የለም፤ የእሳቸውን ንግግር ለመለየት ግን ሁለት ማክሰኞ ፈጀብኝ። ጆሯችን ሲከፈት ታዲያ ሁላችንም ኪልፋራ ገባን።

ኪልፋራ አየርላንድ ውስጥ ያለች የትውልድ መንደራቸው ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት መጠጥ ቤት፣ አንድ ወንዝ። ከወንዙ ወዲህ ላይ መንገድ ይባላል፣ ከወንዙ ወዲያ ታች መንገድ። ላዮቹ ኩሩ፣ ታቾቹ ቋጣሪ ናቸው፤ እነሱ እርስ በርስ እንደሚባባሉት ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ላዮቹ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ምላስ ደብቀው ታች መንገድ በሙሉ ቅዳሴ አረፈደ። ታቾቹ በበኩላቸው የላዮቹን ዝይዎች እህል እየበተኑ አለማምደው ወንዙን አሻገሯቸው፤ ዝይዎቹም በዚያው ቀሩ። ፖስታ አመላላሹ ከማንም ላለመጣላት ቤቱን የሠራው ድልድዩ ሥር ነው።

ሁለቱ ሰፈሮች በዓመት አንድ ቀን ወንዙን መሐል አድርገው ገመድ ይጓተቱ ነበር፤ የተሸነፈው ወገን ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር።

«እንዴት ተጀመረ?» አልኳቸው።

«ድንቹ ታሞ ያለቀ ጊዜ ነው» አሉ። «ዘጠኝ መቶ ሰው ነበረን። የሞተው ሞተ፣ መርከብ ያገኘው ሄደ፣ ሁለት መቶ ቀረን። በዓመቱ የቀሩት ወጥተው ሰው ቆጠሩ። በሁለቱም በኩል ገመድ የሚይዝ ሰው አልጠፋም። እንግዲያው እንጎትት አሉ።»

ረሃብ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

«ማን አሸነፈ ታዲያ?» አለ መኩሪያ። መኩሪያ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ሠራተኛ ነው።

እትዬ ኖራ ሳቁ። ያኔ ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው የመጨረሻው ነው፤ በፈረንጆቹ 1949፣ እሳቸው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ገመዱ መሐል ላይ ተበጠሰ። ሁለቱም ወገን በጀርባው ወደቀ፣ ሁለቱም አሸነፍኩ አለ፣ ቄሱ ጨዋታውን ከለከሉ። መንደሩ እስከ ዛሬ በዚያ ይነታረካል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን ለሁለት ተከፈለ። እኔ ኩራታቸው ስቦኝ ላይ መንገድ ሆንኩ። መኩሪያ «ቋጣሪ የሚባለው ነገን የሚያስብ ሰው ነው» ብሎ ታች መንገድ ገባ። አየርላንድ በየት በኩል እንዳለች ሁለታችንም አናውቅም።

«ገመዱ የተበጠሰው በእናንተ በኩል ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«የሚበጥሰው አጥብቆ የጎተተ ነው። ሶ፣ አሸንፈናል።»

«መበጠስ ማሸነፍ ከሆነ አይጥም ቻምፒዮን ናት» አለኝ።

ሁለት ቀን ተኮራረፍን። እትዬ ኖራን የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆኑ ብንጠይቃቸው «ዳኛ ሰፈር የለውም» ብለው ሽሯቸውን ይጠቀልላሉ።

በመጨረሻ ሸዋረጋ ተማረረች። «በእናንተ ጩኸት ደንበኛ ሸሸኝ። ሳንታ ሞኒካ ባሕሩ ዳር ሄዳችሁ ጎትቱና ገላግሉኝ» አለች። እሷ ለቀልድ ነው። እትዬ ኖራ ግን እጃቸውን ጠረጉና «ስምንት ስምንት ሰው፣ ቅዳሜ» አሉ። ኪልፋራ ላለችው የእህታቸው ልጅ ለብሪጂድም ደወሉላት።

ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት አሸዋው ላይ ተሰለፍን። በእነሱ አገር ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ሸዋረጋ ስልኳን በቪዲዮ ከፍታ ያዘች። ስክሪኑ ላይ የመንደሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ላዮቹ በግራ፣ ታቾቹ በቀኝ፣ መሐላቸው ባዶ ወንበር። አንዲት ሴትዮ በጠርሙስ ጸበል ትረጫለች። ለእኛ ይሁን ለስልኩ አላወቅንም።

እትዬ ኖራ መሐረባቸውን ጣሉ፣ እኛም ጎተትን። መጀመሪያ እኛ ላዮቹ ሁለት እርምጃ አገኘን። ታክሲ ነጂው እንዳሻው ከኋላችን ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ እንደ ግንድ ተተክሏል። አንድ የማናውቀው የሚሮጥ ፈረንጅ መጥቶ የታቾችን ገመድ ያዘ፤ ከአዳራሹ የግራ ወገን የተነሣው ጩኸት ስልኩን አንቀጠቀጠው። እትዬ ኖራ በከዘራቸው አባረሩት። እንደገና ያዝን። መኩሪያ «ሆ» ሲል ሰባቱ «ሆ» እያሉ በአንድ ትንፋሽ ይስባሉ። እኔ ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቅ ሲይዝህ ደግሞ ጉልበት የለህም። ስምንታችንም ተንሸራተን አሸዋው ላይ የተሰመረውን መስመር አለፍን።

«ታች መንገድ» አሉ እትዬ ኖራ።

ቀኝ ወገን ወንበር ላይ ወጣ። ያኔ ከግራ በኩል ዘጠና ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወደ ስልኩ ቀረቡ። «ኖራ፣ አንቺ እኮ የላይ መንገድ ልጅ ነሽ። አባትሽ ገመዱ በተበጠሰበት ቀን ከሁላችን ኋላ ሆኖ ይጎትት ነበር» አሉ።

«ለዚህ ነው ለማንም ያልተናገርኩት» አሉ እትዬ ኖራ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ክንዴን ያዙና ከተሸናፊዎቹ ጋር ወደ ውቅያኖሱ ወረዱ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። እስከ ጉልበታቸው ገብተው እንደ ትንሽ ልጅ ጮኹ። ታቾቹ ዳር ቆመው ማየት አልቻሉም፤ መኩሪያ ከነሱሪው ዘሎ ገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

ስንወጣ ብሪጂድ በስልኩ መኩሪያን ፈልጋ ጠራችው። «የአንተስ መንደር? እናንተም ትጣላላችሁ?» አለችው።

መኩሪያ የጺሙን ውሃ ጨመቀ። «ቡልጋ ነው የተወለድኩት። የእኛ ጠብ በአንድ በሬ ነው» አለ።

ግራና ቀኝ የነበሩት ተደባልቀው ወንበር እየሳቡ ቀረቡ። መኩሪያ አሸዋው ላይ ተቀመጠና የበሬውን ነገር ከአያቱ ዘመን ጀመረ። ሸዋረጋ ባትሪዋ ሊያልቅ መሆኑን አይታ፣ ስልኩን ለእትዬ ኖራ አስይዛ፣ ቻርጀር ልታመጣ ወደ መኪናው ሮጠች።