ቤት የማይዘል ዙር

ማክሰኞ ጠዋት የሴቶች ኮሚቴው እንደ ልማዱ ቤት ለቤት ዞረ። ከፊት ፉአቲኖ ነበረች። ይገባሉ፤ ሰሌኑ መራገፉን፣ የመጠጥ ውሃው መከደኑን ያያሉ፤ የሚወቀሰውን ወቅሰው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። በዚህች የሳሞአ መንደር ዙሩ ቤት ዘሎ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን ሴቶቹ የመንገዱ ጫፍ ሳይደርሱ ተመለሱ። እዚያ ይኖር የነበረው ፔሌናቶ በሸንጎ ላይ አለቃውን «ተሳስተሃል» ስላለ፣ ሹማምንቱ ከነቤተሰቡ ከመንደሩ አባረውታል፤ የተባረረ ሰው ቤት ደግሞ ይፈርሳል።

የፉአቲኖን ባል የሬሳ ሳጥን የሠራው ፔሌናቶ ነው። ይህን ለማንም አታነሳም።

ከሰዓት በኋላ በኮሚቴው ቤት፣ ከአፒያ ከምትመጣው አስተማሪ ከማሊያ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የመንደሩን ድረ ገጽ እየሠራች ነበር። የአባወራዎቹን ስም በሰፈሩ ቅደም ተከተል አስገብታለች፤ የፔሌናቶንም በቦታው። ለእያንዳንዱ ስም ግን «አሳይ» የሚለውን ትእዛዝ ደጋግማ ትጽፋለች።

«እቴ፣ ጣትሽ እስኪላጥ ልትጽፊ ነው?» አለች ማሊያ እየሳቀች። «አንዴ ጻፊው፤ ማሽኑ ራሱ ይዞራል።»

«እንደኛ የጠዋት ዙር?»

«እንደሱ ነው። ከየት እንደሚጀምር፣ እንዴት ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚያቆም ንገሪው። ሉፕ ማለት ይኸው ነው።»

ፉአቲኖ ጻፈች፦ ከአንድ ጀምር፤ አንድ እየጨመርክ እለፍ፤ ስም ሲያልቅ አቁም። ስሞቹ ተደርድረው ወጡ።

ሥራውን ሊያይ የመጣው አለቃ ታኦፊ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«የኔስ? የመንደሩ መጀመሪያ የኔ ቤት አይደል እንዴ? የዚያ ባለጌ ስም ተጽፎ የኔ ይቀራል?»

«ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው» አለች ማሊያ ሳቋን ውጣ። «ከአንድ ስትጀምሪ መጀመሪያ ላይ ያሉትን አለቃን ዘለልሻቸው።»

ፉአቲኖ «አንድ» የሚለውን ወደ ዜሮ ቀየረች። የታኦፊ ስም ከላይ ብቅ አለ።

«እንዲህ ነው እንጂ! አሁን የፔሌናቶን ዝለይው።»

«አልዘለውም፣ አለቃ።»

«አይቻልም?»

«ይቻላል፤ አንድ መስመር ነው። አልጽፈውም።»

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ለአፍታ ቢዘለሉ ጣራውን በጩኸት አነሡት። እሱስ?»

«ምላስሽ ረዝሟል!»

«ባሌም እንዲህ ይለኝ ነበር።»

ታኦፊ በሩን ይዞ ቆመ። «ከኮሚቴው ተባረሻል።»

«እሺ» አለችና፣ እያየ ገጹን ለሕዝብ ለቀቀችው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሚቴው ያለ ፉአቲኖ ዞረ፤ አሁንም የመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ተመለሰ። እሷ ብቻዋን ሴቶቹን አልፋ እስከ ጫፉ ሄደች። ስልኳ ላይ ገጹን ከፈተች። የፔሌናቶ ስም አለ። የመሠረቱ ድንጋይም አለ።

ቤቱ የለም።